ስም ያልወጣላት ጨረቃ

ጨረቃዋን ቀድማ የሰማችው እናቴ ናት። ፊዚክስ አስተማሪዋ እኔ፣ ወሬውን ያመጣችው እሷ! ከትምህርት ቤት ስመለስ ደጃፉ ላይ ፀሐይ የሚያገኘው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጧፍ ትሠራለች። ሰሙን በጨርቅ ጠቅልላ ጭኗ ላይ ታለሰልሰዋለች፣ ፈትሉን በመዳፏ እያሸች ሰሙን ታለብሰዋለች፣ ትንሿ ሬዲዮ ጎኗ ሆና ለብቻዋ ታወራለች። ተሳላሚ ሲበዛ ጧፉ ይሸጣል፤ ሲጠፋ ደግሞ ለደብሩ ትሰጠዋለች። ብቻ እጇ አያርፍም። ገና ቦርሳዬን ከትከሻዬ ሳላወርድ፣

«ሰማሽ ወይ? ሌላ ጨረቃ ተገኘች አሉ» አለችኝ።

«የት ተገኘች?»

«እኔ ምን አውቄ! ሩቅ ነው አሉ። የቦታው ስም የፈረንጅ መድኃኒት ይመስላል። አንቺ አይደለሽ እንዴ የተማርሽው?»

እናቴ ስለማስተምረው ነገር ጠይቃኝ አታውቅም። ሰው «ልጅዎ ምን ታስተምራለች?» ሲላት «ያው ትምህርት ነዋ» ነው መልሷ። ስለዚህ እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ስልኬን ይዤ ግቢው ውስጥ ዞርኩ፤ አጥሩ ጥግ ላይ ኔትወርክ ትንሽ ሲይዝልኝ ወሬውን አገኘሁት። ዩራነስ የሚባለውን ሩቅ ፕላኔት የምትዞር ትንሽ ጨረቃ ናት። ሌሎች ብዙ ጨረቃዎች እንዳሉት ድሮም ይታወቃል፤ ይቺ ግን አዲስ ናት። ሕዋ ላይ ባለ ትልቅ ቴሌስኮፕ ነው ያገኟት። እናቴ አጠገብ ቁጢጥ ብዬ፣ ለተማሪዎቼ በማላሳየው ትዕግሥት አስረዳኋት።

«እስከ ዛሬስ የት ነበረች?» አለች።

«እዚያው ነበረቻ።»

«ታዲያ ይኼ ሁሉ የተማረ ሰው እንዴት ሳያያት ቀረ?»

«ትንሽ ናት እማ። ከዚህ ተነሥተሽ ወደ አየር ማረፊያው ብትሄጂ፣ መንገዱን ሳታጋምሺ እሷ አልቃለች። ደብዛዛ ናት። አጠገቧ ያለው ትልቁ ደግሞ ያበራል፣ ብርሃኑ ይጋርዳታል። ከብዙ ዓመት በፊት አንዲት መንኮራኩር እዚያ ድረስ ሄዳ በአጠገቧ አልፋ ነበር። እሷም አላየቻትም።»

እጇ ፈትሉ ላይ ቆመ። «በአጠገቧ አልፋ?»

«በአጠገቧ አልፋ።»

«ግን ነበረች።»

«አዎ፣ ነበረች።»

«ተመስገን» አለችና ጧፏን ቀጠለች። ምኑ እንዳስመሰገናት አልገባኝም። የገባኝ በማግስቱ፣ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ነው።

ስለ ወንድሜ ልናገር። ባጃጅ ነጂ ነበር። እንግዳ በሚመጣበት ዘመን ከሆቴል ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ሆቴል ሲመላለስ ይውል ነበር፤ ተጫዋች ነው፣ የፈረንጆቹን አነጋገር እየቀዳ እራት ላይ ያስቀን ነበር። ጦርነቱ መጣ፣ ሄደ፣ ደግሞ በሌላ መልክ መጣ። እንግዳው ቀረ። ቤንዚን በውኃ ላስቲክ ተሸጦ እሱም ሲጠፋ ባጃጇ ጣራዋ ላይ አቧራ ጠጥታ ቆመች። ከዚያ ደላላ ተገኘና በጅቡቲ አድርጎ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ሳውዲ ሊገባ ሄደ። ከባሕሩ ዳር አንድ ጊዜ ደወለ። «ውኃው ትልቅ ነው እማ፣ ግን ሙቅ ነው» አላት። ከዚያ ወዲያ ዝም።

እናቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይኗ ከመንገዱ አልተነሣም። ድንጋዩ ላይ የምትቀመጠው ለፀሐዩ ብቻ አይደለም፣ ከዚያ ሆና ወደ ላይ የሚመጣውን ሰው ሁሉ ታያለች። መኝታውን ታነጥፋለች፣ ታነሣለች። ለቅሶ ቤት መሄድ ተወች። «የኔ ልጅ መንገድ ላይ ነው፣ ሟርት አይሁንብኝ» ትላለች። ጎረቤቱ ሁሉ ተቀየማት፤ እሷ ግን ምንም አልመሰላትም።

እኔ ግን አወቅሁ። የማላውቀው ስልክ ደወለልኝና አንድ ልጅ ጋሸና ላይ እንድንገናኝ ጠየቀኝ። ልጁ የመጣው ቆላ ካለ የመንገድ ዳር ከተማ ነው፣ ሙስሊም ነው፣ ከወንድሜ ጋር አንድ ጀልባ ላይ ነበሩ። የጭነት መኪና ሾፌሮች የሚበሉበት ምግብ ቤት ጥግ ተቀመጥን። ልጁ ያዘዝኩለትን አልነካም። «ወላሂ እህቴ፣ እጁን ይዤው ነበር» አለኝ። ማዕበሉ ጀልባዋን ገለበጣት። ጨለማ አልነበረም፣ ጠራራ ፀሐይ ነው፣ ሁሉንም አይቷል። ይዞት ይዞት እጁ አሟለጨው፣ ወንድሜ ሰጠመ፣ አልወጣም። ልጠራጠረው ፈልጌ ነበር። አፈጠጥኩበት። እሱ ግን፣ «ያንቺን ነገር ያወራልን ነበር፤ እህቴ አስተማሪ ናት፣ ተማሪ ሳይበቃት ሾፌር ትቆጣለች፣ አውቶቡስ ላይ ተነሥታ ስለ ፍጥነት ታስተምራለች ይል ነበር» አለኝ። እንዲህ የሚል ሰው በምድር ላይ አንድ ነው። እዚያው፣ በሾፌሮቹ ሁካታ መሀል፣ ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ።

ለንስሐ አባታችን ነገርኳቸው። እሳቸውም የሰፈር ሽማግሌዎች መርጠው መርዶው የሚነገርበትን ቀን ቆረጡ። እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ እናቴ እንድታለቅስ። መርዶውን ሰምታ፣ ደረቷን መትታ፣ ፍትሐቱ ተፈትቶለት፣ ተዝካሩ ወጥቶለት፣ ከዚያ ከድንጋዩ ተነሥታ ወደ ቤት እንድትገባ። ለወንድሜ ነፍስ ብዬ ነው ብል ግማሹ ውሸት ነው። እናቴ እንድትመለስልኝ ፈልጌ ነው።

እንግዲህ ለመርዶው የተቆረጠው ቀን ሬዲዮው ስለ ጨረቃዋ በተናገረ በማግስቱ ነበር። ጎህ ሲቀድ መጡ፤ የንስሐ አባታችን መስቀላቸውን ይዘው፣ ሁለት ሽማግሌዎች ከኋላቸው። የሰፈሩ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከአጥሩ ውጪ ቆመዋል፣ የእናቴን ጩኸት ሲሰሙ ገብተው ሊይዟት። እኔ በሩ ሥር ቆሜያለሁ። እናቴ ግን ለብሳ፣ ተከናንባ፣ መደቡ ላይ ተቀምጣ ጠበቀቻቸው።

«ግቡ፣ ተቀመጡ። ደኅና መጣችሁ። አባ፣ እንደው አዲሲቱን ጨረቃ ሰምተዋል?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። የንስሐ አባታችን ግራ ገብቷቸው መስቀላቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። «የምን ጨረቃ ልጄ?»

«ልጄ ታስረዳዎት። ነይ፣ ንገሪያቸው።»

ምን ላድርግ? በዚያ ጎህ፣ ሴቶቹ ውጪ ብርድ እየመታቸው፣ እኔ ስለ ዩራነስ ተናገርኩ። አባ እስከ መጨረሻው ሰምተውኝ በጣም ተጨነቁ። «ታዲያ ባሕረ ሐሳቡን አትነካብንም? ፋሲካን አታዛባም?» አሉኝ። «ኧረ አትነካም አባ፣ የኛ አይደለችም» አልኳቸው። «እንግዲያስ ትኑር» አሉ፣ እፎይ ብለው። ሌላ ቀን ቢሆን ሆዴን ይዤ እስቅ ነበር።

አንደኛው ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኅቴ፣ እንግዲህ በርቺ። ይኼ ለሁላችንም ያለ ነገር ነው። ልጅሽ…»

«ማን አየው?» አለች እናቴ። ድምፅዋ አልጮኸም።

«አብሮት የነበረ ልጅ አለ።»

«ሲሰጥም ነው ያየው ወይስ ሬሳውን ነው ያየው?»

ሽማግሌዎቹ ወደ አባ ዞሩ።

«ከዓይኑ ጠፋበት እንጂ ሞቶ አላየውም። ልጄ ነግራችኋለች። በአጠገቧ አልፈው ያላዩዋት አለች። አላየናትም ብለው ተመለሱ፣ እሷ ግን ነበረች። ውሸት ነው?» ወደ እኔ ዞረች። «ንገሪያቸው እንጂ። ነበረች አይደል?»

ሁሉም እኔን አዩ። አባ በዓይናቸው ለመኑኝ፤ አንድ ቃል ብቻ፣ «ይኼ ሌላ ነው» እንድል። እኔ ግን፣ «ነበረች» አልኩ።

እናቴ ተነሥታ ከትናንት ያደረውን ዳቦ ቆረሰችላቸው። ሽማግሌዎቹ መርዶ ሊያረዱ መጥተው ቁርስ በልተው ወጡ። ውጪ ያሉት ሴቶች ጩኸት ሲጠብቁ ፀሐይ ወጣችባቸው፤ አንድ በአንድ ነጠላቸውን አስተካክለው ለብሰው ወደየቤታቸው ሄዱ። እንዲህ ያለ ንዴት ተናድጄ አላውቅም። በማን እንደተናደድኩ ግን አላውቅም፤ በእናቴ ልበል፣ በሬዲዮው ልበል፣ በእነዚያ ሰማይ ሲያዩ በሚውሉ ሰዎች ልበል?

አባ ተስፋ አልቆረጡም። «መርዶውን ባትቀበልም ፍትሐቱን እኛ እንፍታለት፤ የክርስትና ስሙን ብቻ ትስጠን» አሉኝ። ችግሩ እዚያ ላይ ነው። ከኔ በኋላ የወለደቻቸው ሕፃናት አልበረከቱላትም ነበርና፣ እሱ ሲመጣ ክፉ ሰው እንዳያገኘው ብላ የክርስትና ስሙን ከሁሉ ደበቀች። በተወለደበት መንደር ያጠመቁት ቄስም ክርስትና አባቱም ሞተዋል። የቤት ስሙን አገር ያውቀዋል፤ በዚያኛው ስም የሚያውቁት እግዜርና እናቴ ናቸው። በቤት ስም ደግሞ ፍትሐት አይፈታም።

ስጠይቃት ጥያቄዬን በጥያቄ መለሰች። «ጨረቃዋን ምን ብለው ጠሯት?»

«ገና ስም አልወጣላትም። ፊደልና ቁጥር ብቻ ነው የሰጧት።»

«ጎሽ። እንዲያ ይሻላል። ስሙን ከሰጠኋችሁ ትቀብሩብኛላችሁ።»

አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ግን አልቻልኩም። ድንጋዩ ላይ ነበረች፤ መንገዱን እያየች። ፊት ለፊቷ ሄጄ መንገዱን ጋረድኩባት።

«እማ፣ በደንብ ስሚኝ። ጨረቃዋን ያገኟት ስለታየች ነው። ፎቶ አነሱ፣ ደግመው አነሱ፣ በየፎቶው ላይ አለች፣ ቦታዋን እየቀየረች አለች። ስለታየች ነው አለች ያሉት! እሱስ የት ታየ? አንድ ስልክ ደወለ? አንድ ሰው አየሁት አለ?»

«እነሱም ያዩዋት ዓይናቸውን ከዚያ ስላላነሡ ነዋ» አለች በእርጋታ።

«አንቺም ዓይንሽን ከዚያ ስላላነሣሽ እኔን አታዪኝም!» ጮህኩ። ጎረቤት ይስማ አይስማ ግድ አልሰጠኝም። «እኔስ? እኔስ እማ? እዚሁ አጠገብሽ አይደለሁ? ውኃ የማመጣልሽ እኔ፣ ስታመሚ አጠገብሽ የማድር እኔ፣ አብስዬ የማበላሽ እኔ። አንድ ቀን እንኳ እንዴት ዋልሽ፣ እንዴት አደርሽ ብለሽኝ ታውቂያለሽ?»

ደንግጣ አየችኝ። ከልቧ ነው የገረማት። «አንቺማ አለሽ» አለችኝ። «አንቺ ደግሞ የት ትሄጃለሽ?»

ክፋት የለበትም። ክፋት ቢኖርበት እጣላት ነበር፣ ተጣልቼም እወጣላት ነበር። ወደ ማድ ቤት ገባሁና ወንድሜን ለብቻዬ አለቀስኩት። ድምፅ ማውጣት አልችልም፤ መርዶ ያልተነገረበት ቤት ነው፣ እህት ቀድማ ብታለቅስ ነውር ነው። ነጠላዬን ነክሼ አለቀስኩ። ያ ሁሉ ሳቁ፣ ያ ሁሉ ቀልዱ፣ አንድም ሰው «ነፍስ ይማር» ሳይለው። ስወጣ እናቴ እዚያው ድንጋይ ላይ ነበረች፤ ሰም አቀብዪኝ አለችኝ፣ አቀበልኳት።

ክረምቱ አለፈ። ለተዝካሩ ብዬ ቀስ በቀስ የሰበሰብኩት እህል ጎተራ ውስጥ ተቀምጧል፤ ለማን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን፣ አናነሣውም። አንድ ቀን የንስሐ አባታችን ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

«እናትሽ ተዝካር ልታወጣ ነው» አሉኝ።

ቀረብ አልኳቸው። «ስሙን ሰጠችዎት?»

መቋሚያቸውን ተደግፈው መሬት መሬት አዩ። «የሰጠችኝ የራሷን ስም ነው። የቁም ተዝካር ነው ልጄ።»

አሁን ላይ ወጣቱ ብዙም አያውቀው ይሆናል። የቁም ተዝካር ሰው ሳይሞት በፊት ለገዛ ነፍሱ የሚደግሰው ነው። ካህን ተጠርቶ፣ ድሃ በልቶ፣ ባለተዝካሩ ራሱ በሕይወት ቆሞ ያየዋል። የሚያደርገው ልጅ የሌለው ሰው ነው፤ ሲሞት ተዝካሩን የሚያወጣለት እንደማይኖር ያወቀ ሰው።

«አባ፣ ያ ልጅ ለሌለው አይደለም እንዴ?» አልኳቸው።

«ነገርኳት። ልጅ አለሽ አልኳት፣ ያቺን የመሰለች ልጅ አለሽ አልኳት። ‹እሱ ከቀረ ማን አለኝ አባ› አለችኝ። ምን ልበላት?»

እንዲህ ነው እንግዲህ መርዶው የተነገረው። ለእሷ የነገርናት እኛ አይደለንም፤ እሷ ናት ለኛ የነገረችን። ልጇ እንደማይመጣ አምናለች። መቼ አመነች? ድንጋዩ ላይ የትኛው ቀን? አላውቅም። ስለዚያች ጨረቃም ከዚያ ወዲያ አንሥታ አታውቅም። የተመኘሁት ሁሉ ሆነልኝ፤ ብቻ ሲሆን እንዲህ ሆነ።

ብቅሉን ስታሰጣ አጠገቧ ተቀመጥኩ። «እማ፣ እኔ አላወጣልሽም ነበር?» አልኳት።

«አንቺን ደግሞ ምን አደክምሻለሁ» አለች፣ ብቅሉን በጣቶቿ እየበተነች።

«የሱንስ? ስሙን ስጪኝና ሁለቱንም አንድ ላይ እናድርገው። የጎደለውን ተበድሬም ቢሆን…»

«ከኔ ጋር ይሂድ። አንድ ነገር እንኳ ይዤ ልሂድ» አለች። ከዚያ በኋላ አልጠየቅኋትም። ልትሰጠኝ እንደማትችል ገባኝ፤ ሌላ የቀራት ነገር የለማ።

ድግሱ ደረሰ። የሰፈሩ ወንዶች ዳስ ጣሉ፣ ሴቶቹ ወጡን ሠሩ። ያን ጊዜ መርዶ ሲጠብቁ ብርድ የመታቸው ሴቶች ናቸው፣ ቂም አልያዙም። ካህናቱ ከላይ ተቀመጡ፣ ድሃውና ተሳላሚው ከታች። እናቴ ነጭ ለብሳ የዳሱ መግቢያ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የሚገባውን ትቀበላለች። ሰው ምን እንደሚላት ጨነቀው። «ነፍስ ይማር» እንዳይላት በሕይወት አለች፤ «እንኳን አደረሰዎት» እንዳይላት የሞት ድግስ ነው። አንዱ ሽማግሌ ሁለቱንም ደባልቀው ሲሏት ፈገግ አለች። ከስንት ጊዜ በኋላ ጥርሷን አየሁት፣ ቀናሁም፣ በሽማግሌው።

እኔ ጠላ እቀዳለሁ። ባላስተናግድ ኖሮ የት እንደምቆም አላውቅም ነበር። ለቀስተኛ አይደለሁም፣ ደጋሽም አይደለሁም። ማንቆርቆሪያውን ይዤ ከሰው ሰው እሄዳለሁ፤ «ጨምሪልኝ»፣ «በቃኝ»፣ «እግዜር ይስጥሽ»።

ከእናቴ አጠገብ አንዲት ከወገል ጤና በኩል የመጣች ተሳላሚ ተቀምጣ ነበር። አቧራ የለበሰች፣ ደግ ፊት ያላት ሴት። የድግሱን ምክንያት ከጎኗ ካለችው ሴት ሰማችና አዘነች። ወደ እናቴ ጎንበስ ብላ፣

«እማማ፣ እንደው ልጅ አልሰጠዎትም ኖሯል?» አለቻት።

ማንቆርቆሪያው እጄ ላይ ቀረ። እናቴ ሴትዮዋን አየቻት።

«አንድ ሰጥቶኝ ነበር» አለች። «ባሕር ወሰደብኝ።»

አለችው። ለሽማግሌ ያላለችውን፣ ለንስሐ አባቷ ያላለችውን፣ ለኔ ያላለችውን፣ ለማታውቃት ሴት አለቻት። ከዚያ ከጓዳ በኩል አንዷ ሴት ኡኡ አለች፣ ሌላዋም ተከተለቻት፤ ያ ሁሉ ጊዜ ሲጠበቅ የነበረው ለቅሶ መጣ። እናቴ ራሷን ይዛ ተንሰቀሰቀች። ሴቶቹ መጥተው ከበቧት፣ አቀፏት። እኔ በማንቆርቆሪያው ምክንያት መጠጋት አልቻልኩም፤ የማስቀምጥበት ቦታ አልነበረም።

ተሳላሚዋ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ዘወር ስትል እኔን አየችኝ፤ ቆሜ፣ ፊቴ በእንባ ርሶ።

«አይዞሽ የኔ እመቤት። አንቺስ ምናቸው ነሽ?»

በሴቶቹ ትከሻ መሀል እናቴን ፈለግኋት። ሰምታለች፤ አንድ ክንድ ያህል ነው የምትርቀው። ቀና አላለችም።

«ጎረቤት ነኝ» አልኩና ቀዳሁላት።